በሞቴ የማይባልበት ገበታ

በእኔ ቤት «በሞቴ» አይባልም ነበር። «አፈር ስሆን» አይባልም፣ «እኔን ብለህ» አይባልም፣ ጉርሻ ጠቅልሎ የሰው አፍ ላይ መደቀን ጭራሽ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባሌ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ ኋላ ላይ ደግሞ ጓደኞቹን «እኛ ቤት ስትመጡ በልታችሁ ኑ፤ የሚለምናችሁ የለም» እያለ ያሾፍብኝ ጀመር።

ምክንያት ነበረኝ። አምቦ ገበያ አጠገብ ባደግሁበት ቤት መብላትና መታገል አንድ ነበሩ። ኩፍኝ ይዞኝ በተነሳሁ ሰሞን አክስቴ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አፍንጫዬን ቆንጥጣ አጥሚቱን በጉሮሮዬ ስታንቆረቁረው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ካደግሁም በኋላ ሰው ቤት ገብቼ የምወጣው ሆዴን ይዤ ነበር። ባለቤቷ ካልለመነች ንፉግ ትባላለች፤ እንግዳው ሳይለመን ከበላ ሆዳም ይባላል። ይህ ሁሉ ቲያትር ያናድደኝ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ አንዲት አስተማሪያችን «ልጅ ሲርበውም ሲጠግብም ራሱ ያውቃል፤ አታስገድዱት» አለችን። ያቺን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኳት።

ወልጄም ሠራሁባት። ሁለቱ ልጆቼ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ሲርባቸው ቤቱን በጩኸት ያናውጡታል፤ ሲጠግቡ ተነስተው ይሮጣሉ። ጤናቸው የሚያስቀና ነበር። በዚያ በደርግ ጊዜ፣ ስኳርና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምንገዛበት ዘመን፣ ልጆቼ ፊታቸው ወዝ የጠገበ ነበር። የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ ስንጠጣ «ሰው ለምን እውነቱን አይናገርም? የራበው ራበኝ ይበል፣ የጠገበ ጠገብኩ ይበል» እያልኩ እሟገታለሁ። ቤቴ መጥተው ሁለት ጉርሻ ቀምሰው «በቃኝ» የሚሉ እንግዶች ከበር ሳይርቁ እንደሚያሙኝ አላጣሁትም። በይሉኝታ የተራበ የራሱ ጉዳይ ነው እል ነበር።

እንዲህ ባለ ቤት ነው ልጅቱ የመጣችው።

የባሌ የታላቅ ወንድሙ ልጅ ናት። አባቷ ደንዲ ውስጥ፣ ከጊንጪ ወርደው በእግር በሚሄዱበት መንደር፣ ጤፍና ስንዴ የሚያርስ፣ ላሞችም ያሉት ገበሬ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል በላይ የለውም። ልጅቱ ፈተናዋን አልፋ ቤት በተቀመጠችበት ክረምት አንድ ጎረምሳ ሽማግሌ ላከ። አባቷ «ትማራለች» ብሎ መለሳቸው፤ እናቷ ግን ልቧ ሁለት ነበር። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነው፤ አምቦ መጥታ ከሆነላት ትማራለች፣ ካልሆነላት ተመልሳ ትዳራለች። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ ተስፋ ቆርጠው አልሄዱም።

መስከረም ላይ አባቷ ይዟት መጣ። ጉንጯ የሞላ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ «እንግዲህ ልጅሽ ናት» አለኝ። ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ በኦሮምኛ «ያለሽው ሰው ቤት ነው፤ አታሳፍሪኝ» አላት። ጉልበቱን ስማ ተሰናበተችው።

እናቷ አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ ጭኮ ልካለች። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው ነው፤ ሳይበላሽ ሰንብቶ ለመንገደኛም ለተማሪም ስንቅ ይሆናል። «ትምህርት ቤት ስትሄድ እየቆረሰች እንድትይዝ» የሚል መልእክት ነበረው። እኔ ደግሞ ነገሩ ከነከነኝ። ልጄን እዚያ አያበሏትም ብላ ይሆን? ጣሳውን ተቀብዬ ከስኳሩ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጅቱ አንድም ቀን «ጭኮዬስ?» አላለችኝም። እኔም ቁልፉን የማስታውሰው እንግዳ ሲመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቼ መጡና ቆርሼ አቀረብኩላቸው። «የባላገር እጅ እንዲህ ነው!» እያሉ ጣታቸውን ላሱ። ሳህኑን ይዛ ያዞረችላቸው እሷ ናት።

በመጣችበት ማታ ገበታ ላይ ሕጌን ነገርኳት። «ስሚ ልጄ፣ እዚህ ቤት ማንም አይለመንም። የጠገበ ይነሳል፣ ያልጠገበ ይበላል። ገባሽ?»

«እሺ እትዬ» አለች።

ነፃነት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ደስ እያለኝ ነው የተኛሁት።

ሦስቱ ልጆች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። የእኔዎቹ ሽሮውን መሐል ለመሐል ያርሱታል፤ ልጄማ ወጡ ያለበትን እንጀራ ወደ ራሱ የሚስብበት ጥበብ ነበረው። እሷ ከዳር ከዳር፣ ትንንሽ እየቆረሰች ትበላለች። ትሪው ገና ግማሽ ሳይደርስ «ጠገብኩ» ትልና እጇን ትሰበስባለች። ከዚያ ወዲያው አትነሳም። ትንሽ ትቆይና ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም «ጎበዝ፣ ሂጂ ታጠቢ» እላታለሁ። የቀረውን የእኔዎቹ ይጠርጉታል።

ለባሌ «አየህ ይቺን ልጅ፣ ልከኛ ናት፤ ከአንተ ልጆች ትሻላለች» አልኩት አንድ ማታ። እሱ ከሥራ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ልጆቹ ሲበሉ ብዙ ጊዜ የለም። በዚያን ቀን ግን ደርሶ አይቷት ነበር።

«እስቲ ብዪ በያት እንጂ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እባክህ አትጀምረኝ! ሲርባት ትበላለች።»

ዝም አለ። ከእኔ ጋር ተከራክሮ ያተረፈበት ቀን ስለሌለ ዝም ማለት ይቀለዋል። እኔ ደግሞ ዝምታውን እንደ መሸነፍ ቆጠርኩት።

ትምህርት ቤትም አስተማሪዋ ነበርኩ። ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የጤና ክበቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤት «እትዬ» የምትለኝ ልጅ ግቢው ውስጥ «ቲቸር» ትለኛለች፤ ስታልፍም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ጎንበስ ትላለች። በእረፍት ሰዓት ከእጃጂና ከጉደር መጥተው ቤት ተከራይተው ከሚማሩ ልጆች ጋር አጥር ጥግ ትቀመጥ ነበር። እነዚህ ልጆች በር ላይ ከሚሸጡት ሴቶች ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች ገዝተው ቀሚሳቸው ላይ ያፈሱና አብረው ይበላሉ። የእነሱ ገበታ ላይ ልመናው፣ መጎራረሱ፣ «ካልበላሽ እጣላሻለሁ» መባባሉ ሁሉ ነበር። እያየሁ አልፌያለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ የገባው ግን ዝንቡ ነው።

ዝንቡ እውነት ነው፤ አልካድኩም። መኪና ባለፈ ቁጥር የዋናው መንገድ አቧራ ንፍሮው ላይ ይወርዳል። ለዳይሬክተሩ ነገርኩት፤ ዘበኛው ሴቶቹን ከበር እንዲያርቅ ታዘዘ። አንዷ ሴትዮ ሰፌዷን ራሷ ላይ እያስተካከለች «እኛን አባረርሽን፤ ልጆቹን ምን ልታበያቸው ነው?» አለችኝ።

«ቤታቸው በልተው ይምጡ!» አልኳት።

ሌሎቹ ተማሪዎች በአጥር ቀዳዳ እየገዙ ኖሩ፤ ልጅ መላ አያጣም። ልጅቱ ግን የቲቸር ዘመድ ናት። ቲቸር የከለከለችውን እንዴት ትበላለች? ልጆቹ ሲያካፍሏት ጠገብኩ እያለች መራቅ እንደጀመረች፣ ኋላም በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን መቅረት እንዳበዛች የሰማሁት በኋላ ነው። ቤቱንም ግቢውንም የዘጋሁባት እኔው ነኝ፤ ያውም በንጽሕና ስም።

ኅዳር ላይ ስለ ምግብ አስተማርኩ። ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልኩ ሰሌዳውን በሦስት ከፍዬ፣ ሥዕል ሁሉ ስዬ። ሰውነት ገንቢዎቹን ማን ይነግረኛል ስል እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ተነስታ «ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ባቄላ፣ አተር ናቸው ቲቸር» አለች። አንድም አልሳተችም። ባይበሉ ምን እንደሚያመጣ ስጠይቃትም ሰውነት እንደሚከሳ፣ ደም እንደሚያንስ፣ ትምህርት እንደማይገባ በተራ በተራ ነገረችኝ። «አጨብጭቡላት!» አልኩ። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከንፈሯ ጥግና ጥግ ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ብርድ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ከገና በኋላ ማጥናት ተሳናት። መጽሐፍ ከፍታ ታንጎላጃለች። ልብስ ስታጥብ መሐል ላይ ታርፋለች። የሒሳብ አስተማሪዋ «መጀመሪያ ላይ እሳት ነበረች፣ አሁን ምን ነካት?» አለኝ። ስንፍና መሰለኝ። «አባትሽ ሽማግሌ መልሶ የላከሽ እንድትተኚ ነው?» አልኳት አንድ ቀን፣ ልጆቼ ፊት። ይህን ቃል ከአፌ መልሼ ብውጠው እወድ ነበር።

በጥር አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፉ ላይ ወደቀች። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቀን ነበር። ሁለት ትልልቅ ልጆች አንስተው ዛፍ ሥር ሲያስቀምጧት እንደ ላባ ቀላል ሆናባቸው «ቲቸር፣ ምንም አትከብድም» አሉኝ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም። የጤና ክበብ ኃላፊዋ ቤት ያለችው ልጅ ናት የወደቀችው፤ መምህራኑ ሁሉ እኔን እያዩኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና «ደሟ አንሷል። ምንድን ነው የምትበላው?» አለኝ።

«እኛ የምንበላውን። ልጆቼ የሚበሉትን።»

«ምን ያህል?»

«እስክትጠግብ!» አልኩት፤ ተቆጥቻለሁ። ነገሩን ወደ ወስፋት መለስኩት፤ ከገጠር ነው የመጣችው አልኩ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ነው የሚበላባት አልኩ። እሱም ወረፋው ረጅም ነበርና የወስፋት ኪኒን ሰጥቶ አሰናበተን። ኪኒኑን በባዶ ሆዷ ዋጠችው። ጓሮ ወጥታ አንጀቷ እስኪላቀቅ ሲያስመልሳት ጀርባዋን ይዤ ነበር። ከአፏ የወጣው አረንጓዴ ውኃ ብቻ ነው።

እንኳን ያኔ አልገባኝም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጠግቤ ብቻ ሳይሆን ተምሬም ነበር። «በቤቴ ምን ጎደለብሽ?» አልኳት ፊቷን እያጠብኩ። «ሰው ምን ይለኛል? አታስቢልኝም?»

«ምንም አልጎደለም እትዬ» አለች። እንባዋ ከውኃው ጋር ይወርዳል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለተኛ አልወድቅም።»

የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አባቷ ሊወስዳት መጣ። አያት፣ ረጅም ጊዜ አያት። «ጠውልጋለች» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ነኝ የቀባጠርኩት፤ ስለ ወስፋቱ፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ አምቦ ብርድ። ሻይ ጠጥቶ፣ ከእንጀራው ሁለቴ ቆርሶ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና እጁን ሰበሰበ። እኔም ትሪውን አነሳሁ። ደንዲ ድረስ የሚጓዝ ሰው ከፊቱ ምግብ አነሳሁበት።

ትምህርት ተከፍቶ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ልጅቱ አልመጣችም። ባሌ «ሄደሽ አምጫት» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥቼ አውቶቡስ ያዝኩ። ጊንጪ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ነው የሄድኩት። ስደርስ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች።

እናቷ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ሙሽራዬ!» አለችኝ፤ ሁለት ልጅ ወልጄም በባሌ ቤተሰብ ዘንድ ሙሽራ ነኝ። አገላብጣ ሳመችኝ። ልጅቱም መጥታ ሳመችኝ። በሁለት ሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ጉንጯ ተመልሷል፣ የከንፈሯ ቁስል ደርቋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ እፍረት ነው የተሰማኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

ገንፎ ቀረበ። የገብስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት። አባትየው፣ እናትየዋ፣ ልጅቱና እኔ ከበብነው። ርሃቡ ዓይኔን እያጨለመው ከዳር ከዳር በትንሹ ቆረስኩ፤ አምስት ስድስት ጊዜ አፌ አድርሼ እጄን ሰበሰብኩና «ቁፌ» አልኩ በኦሮምኛ፤ ጠገብኩ ማለት ነው።

«ኧረ ተይ! ምን በላሽና!» እናትየዋ በሞቷ ማለች፣ በልጆቿ ማለች፣ በሞቱ ወላጆቿ ማለች። «ኛዹ፣ ብዪ!»

«በእውነት በቃኝ» አልኩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ምራቄ አፌን ሞልቶታል። ዓይኔን ወደ እሷ ቀና አድርጌ ጠበቅሁ። እንድታልፈኝ አልፈለግሁም፤ ብታልፈኝ፣ ብታነሳው፣ ያን መንገድ ሁሉ ተራምጄ የመጣሁባት ሴት ጠልታኛለች ብዬ ነበር የምመለሰው። አላለፈችኝም። ትልቅ ጉርሻ ቅቤ አጥቅሳ አፌ ላይ ደቀነችብኝ፤ ተቀበልኳት።

ከማዶዬ ልጅቱ «ቁፌ» አለች። እናቷ ዞራ እንኳን ሳታይ አጎረሰቻት። አኝካ ዋጠችና እንደገና «ቁፌ» አለች፤ አሁንም ጎረሰች። እየሳቀች ነው የምትበላው። እንዲህ እያሉ ገንፎውን እስከ ታች አደረሱት።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ቀና ብላ ታየኝ የነበረው፣ «ጠገብኩ» ብላ ወዲያው የማትነሳው ለምን እንደሆነ እዚያ ገንፎ ፊት ገባኝ። እኔም እኮ አሁን እንደዚያው አይቻለሁ። እውነት ይነገር እያልኩ ሰው ሁሉ ላይ የምፈርደው ሴትዮ፣ እኔ ራሴ ርቦኝ ጠገብኩ ብያለሁ፤ የምለመንበት ቤት ውስጥ ስለሆንኩ አላፈርኩም፣ አልተራብኩምም። እሷ ግን ማንም የማይለመንበት ቤት ውስጥ ዕለት ዕለት ስትጠብቅ ከረመች።

ከበላን በኋላ አልቻልኩም፣ ተናገርኩ። «እኛ ቤት ሰው አይለመንም። ጠገብኩ ስትል እሺ ነው የምላት። ብዪ ብያት አላውቅም።»

እናትየዋ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «አንድ ቀንም?» አለች።

«አንድ ቀንም።»

ገንፎውን ያወጣችበትን የእንጨት ማንኪያ መሬት ላይ አኖረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደበችኝም፤ የልጅቱን ራስ ወደ ጉያዋ ስባ ማሻሸት ያዘች። ከዚያ በኋላ ያልለመንኩት ልመና የለም። ከእንግዲህ በእጄ አጎርሳታለሁ አልኩ፤ ከእኔ ቤት ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ትከራይና የቤቱን ኪራይ እኔ ልክፈል አልኩ። አባትየው «ሴት ልጅ ብቻዋን?» አለ። ቀጥሎም «አንቺ ክፉ አይደለሽም፤ እናቷ ግን ፈርታለች» አለኝ። ልጅቱን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ስነሳ እስከ መንገዱ ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ራበኝ አትዪኝም ነበር?»

እንደ እብድ አየችኝ። በሰው ቤት ራበኝ የሚል ልጅ እሷ በምታውቀው አገር የለም። «እትዬ፣ የሚያውቁ መስሎኝ ነው» አለች። «መጀመሪያ ቀን እዚህ ቤት ማንም አይለመንም አሉኝ። አልፈለጉኝም አልኩ። ትንሽ ከበላሁ ብዙም አልከብዳቸውም ብዬ ነው።»

እጇን ያዝኩ። «ተመለሺ። እናትሽን ዛሬ ማታ ለምኚልኝ። ትምህርቱን ትወጂው የለም?»

«ትምህርቱን እወደዋለሁ» አለች። ቀጥላ፣ እንደ ሁልጊዜው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በትሕትና፣ «ቤትዎን ነው የምፈራው» አለችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ እስከ አምቦ አለቀስኩ። ቤት ገብቼ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። ነግሬሽ ነበር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም። «እኔም እዚያ ቤት ነው ያደግሁት» አለና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እሱም ጠገብኩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ እኔን ፈርቶ ነው ዝም ያለው። ልጅቱ በዓመቱ ጥር ላይ ለዚያው ጎረምሳ ተዳረች። ሰርጓ ላይ ነበርኩ፤ ከዘመድ ሁሉ ለይታ እኔን «እንኳን መጡልኝ» እያለች ሳመችኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከደንዲ እንደተመለስኩ የነበረውን ሰኞ ነው። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ማስተማር ስጀምር አብራት ትቀመጥ የነበረችው የእጃጂ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

ሰሌዳውን እያጠፋሁ «አሟታል» አልኳት።

ልጆቹ ተንሾካሾኩ። በዚያ ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ክፍል ጓደኛ ሲታመም ሁሉም ያለውን ያዋጣና ብርቱካንና ዳቦ ይዞ ይጠይቃል። የእጃጂዋ ልጅ እንደገና ተነሳች። «ታዲያ ቲቸር፣ ቅዳሜ ሄደን ብንጠይቃትስ? እኛ ምግብ እንይዝላታለን።»

ፊቴን ከሰሌዳው አላዞርኩም።

«ሩቅ ነው» አልኳቸው።